ማረቆ በሲያትል፦ በርበሬን በቀዝቃዛና እርጥብ አገር ደጅ ላይ ማልማት

በሲያትልና በአካባቢዋ የሚኖር ሐበሻ አንድ ክንድ መሬት ሲያገኝ መጀመሪያ የሚተክለው ጎመን ነው፤ ጎመንም ብርዱና ጭጋጉ ስለሚስማማው ተካዩን አያሳፍርም። ቀጥሎ የሚመጣው ምኞት በርበሬ ነው፤ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወውም እዚህ ላይ ነው። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመት ከ12 ተክል ያገኘሁት ቀይ ዛላ 7 ብቻ ነበር፤ የቀረው ገና አረንጓዴ እንደሆነ የኦክቶበር ዝናብ ደርሶበት ግንዱ ላይ ሻግቶ ወደቀ። ያን ጊዜ ጥፋቱን ሁሉ በብርዱ ላይ አላክኬ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደተረዳሁት ግን ብርዱ ተክሉን ያዘገየዋል እንጂ ምርቱን አይወስድም፤ ምርቱን የሚወስደው በሴፕቴምበር መጨረሻ የሚመለሰው እርጥበት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሥራ በሙሉ ዓላማው አንድ ነው፤ ይኸውም ዛላው ዝናቡን ቀድሞ እንዲቀላ ማድረግ ነው።

ስለ አየሩ ስንነጋገር በቅድሚያ አንድ ቃል ያደናግረናል። «ክረምት» ስንል በአገር ቤት ልማድ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን የዝናብ ወቅት ማለታችን ነው፤ በሲያትል ግን እነዚያው ወራት ደረቆቹና ፀሐያማዎቹ ናቸው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ወራቱን በፈረንጅ ስማቸው እጠራቸዋለሁ፤ ለማስታወስ እንዲቀል ደግሞ በዓሎቻችንን ምልክት አደርጋለሁ። የከተማዋ ዓመታዊ ዝናብ ወደ 1000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ስለሆነ፣ ስሟ ከሚያስገምተው በተቃራኒ፣ ከአዲስ አበባ ያንሳል እንጂ አይበልጥም። ልዩነቱ አዘናነቡ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሰማዩ ከሰዓት በኋላ ዶፉን አውርዶ ይለቃል፤ እዚህ ግን ከኦክቶበር ጀምሮ እስከ ሜይ ሲያካፋ ውሎ ሲያካፋ ያድራል፣ ቅጠልም እንደረጠበ ይሰነብታል። አገር ቤት መስቀል ሲደርስ ዝናቡ ይሰናበታል፤ እዚህ መስቀል ሲደርስ ዝናቡ መጣሁ ይላል። በርበሬ አብቃዩ ልብ ሊለው የሚገባው ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ሌላው ቁም ነገር የሌሊቱ ቅዝቃዜ ነው። በጁላይና በኦገስት ቀኑ በአማካይ ወደ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ሌሊቱ ወደ 14 ዲግሪ ይወርዳል። በርበሬ የሌሊቱ ሙቀት ከ13 ዲግሪ በታች ሲሆን አበባውን ያራግፋል፣ ያልረገፈውም ፍሬ ለመቋጠር ይቸገራል፤ ስለዚህ በዓመቱ ምርጥ በሚባለው ወር እንኳ ተክሉ በጠባብ ዳርቻ ላይ ነው የሚኖረው። ሒሳቡን እናስላው። እንደ ማረቆ ያለው ትልቅ ዛላ ያለው በርበሬ ደጅ ከተተከለ በኋላ ዛላው ተሟልቶ እስኪቀላ አራት ወር ገደማ ይፈልጋል። በጁን መጀመሪያ የተተከለ እንግዲህ የሚቀላው በኦክቶበር መጀመሪያ፣ ማለትም ልክ ዝናቡ በሚጀምርበት ሰሞን ነው። የሚጎድለን ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ነው፤ ይህን ጊዜ ከአንድ ቦታ ማግኘት ስለማይቻል ከየቦታው ጥቂት ጥቂት ቀን እየለቀሙ ማሟላት ያስፈልጋል።

ዘሩ

ማረቆ ፋና በአገር ቤት በስፋት ከሚታወቁት የበርበሬ ዝርያዎች አንዱ ሲሆን፣ ዛላው ትልቅ፣ ቀለሙ ወደ ጥቁርነት ያደላ ቀይ፣ ሥጋውም ወፈር ያለ ነው። ለበርበሬ ዱቄት የሚያስወድደው ይኸው ወፍራም ሥጋው ለእርጥብ አገር ግን ድካም አለው፤ ዘግይቶ ይቀላል፣ ዘግይቶም ይደርቃል። ስለዚህ ለጀማሪ የምመክረው ቦታውን ሁሉ ለማረቆ እንዳይሰጥ ነው። ለቃሪያ የሚሆን ቀደም ብሎ የሚደርስ ዝርያ፣ ለምሳሌ ሀንጋሪያን ሆት ዋክስ ወይም ፈጥኖ የሚደርሰው የሃላፔኞ ዓይነት፣ ከጎኑ ቢተክል በዚያው ዓመት እጁ ባዶ አይቀርም። ቀጭን ሥጋ ያለው ካየን ደግሞ ከማረቆ ይልቅ በቀላሉ ይደርቃል፤ ቀለሙና ጣዕሙ የማረቆን ያህል ባይሆንም ለመደባለቂያ ይሆናል።

ከአገር ቤት ዘር በሻንጣ ይዞ መምጣት የተለመደ ቢሆንም፣ ለመዝራት የታሰበ ዘር ወደ አሜሪካ ሲገባ የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት እንደሚጠየቅበት ማወቅ ይገባል፤ ምክንያቱም የበርበሬና የቲማቲም ቫይረሶች በዘር ይተላለፋሉ። ከዚህም ሌላ የሚሻለው ዘር እዚሁ የበቀለ ነው። በአካባቢያችሁ በርበሬ አብቅቶ ቀይ ዛላ ያገኘ ሰው ካለ፣ ቀድሞ ከቀላው ዛላ ዘር እንዲሰጣችሁ ለምኑት፤ በየዓመቱ መጀመሪያ ከቀላው ዛላ ብቻ ዘር እየለዩ ማስቀመጥ ዝርያውን ቀስ በቀስ ወደ ቀዳሚነት ያዘነብለዋል። አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፦ በርበሬን ንቦች ስለሚያዳቅሉት፣ ከሃላፔኞ አጠገብ ከበቀለ ማረቆ የተወሰደ ዘር በሚቀጥለው ዓመት ያልታሰበ ነገር ሊያወጣ ይችላል። ለዘር የሚሆኑትን ሁለት ሦስት አበባዎች ሳይፈነዱ በስስ ጨርቅ ከረጢት መሸፈንና ፍሬ ከቋጠሩ በኋላ ክር አስሮባቸው ምልክት ማድረግ ይበቃል።

ችግኙን ቤት ውስጥ ማፍላት

ከጥምቀት ሁለት ሳምንት በኋላ ጀምሮ ዐድዋ ሳይደርስ፣ ማለትም በፌብሩዋሪ ወር ውስጥ መዝራት ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚዘራ ማረቆ ጁን ላይ ገና እንጭጭ ችግኝ ሆኖ ስለሚገኝ የሚጎድለንን ጊዜ ያበዛዋል። የበርበሬ ዘር የሚፈልገው የአፈሩን ሙቀት እንጂ የክፍሉን ሙቀት አይደለም። አፈሩ 27 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ዘሩ ከ8 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይበቅላል፤ 15 ዲግሪ ሲሆን ግን ከሦስት ሳምንት በላይ ይፈጅበታል፣ ብዙውም በመሬት ውስጥ ይበሰብሳል። ስለዚህ ለችግኝ የሚሸጠውን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሞቂያ ምንጣፍ መግዛት በዚህ ሥራ ውስጥ ከሚወጡት ገንዘቦች ሁሉ የማይቆጨው ነው። ምንጣፍ የሌለው ሰው የዘሩን ሳጥን የፍሪጅ አናት ላይ ቢያስቀምጥ ይሠራል፤ ብቅ ባለ ዕለት ግን ወደ ብርሃን መውረድ አለበት።

ሲያትል በፌብሩዋሪ ብርሃን የላትም። በመስኮት የሚገባው ብርሃን ችግኙን እያቀጠነ አንገቱን እንዲያስረዝም ያደርገዋል፤ እንዲህ ያለው ችግኝ ደጅ ሲወጣ የመጀመሪያው ነፋስ ያጋድመዋል። ተራ የኤልኢዲ መብራት ከቅጠሉ በላይ በአንድ ስንዝር ርቀት ሰቅሎ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ማብራት ያስፈልጋል። ሁለት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ወደ አነስተኛ ዕቃ፣ ሥሩ ዕቃውን ሲሞላ ደግሞ ወደ አንድ ሊትር ገደማ ወደሚይዝ ዕቃ ማዛወር ይገባል። ዕቃው ጠቦት ሥሩ የተጠመጠመ ችግኝ ደጅ ከወጣ በኋላም ለሳምንታት ቆሞ ይቀራል።

የችግኙ ትልቁ ጠላት የእጃችን ደግነት ነው። ዕለት ዕለት ውኃ የሚጠጣ ችግኝ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ግንዱ ቀጥኖ፣ እንደ ክር ሆኖ፣ በአንድ ሌሊት ይጋደማል፤ ይህን የሚያመጣው ረግረግ ባለ ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ የሚራባ ሻጋታ ነው። ከላይ ከማፍሰስ ይልቅ ሳጥኑን ውኃ ባለው ዝርግ ዕቃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት አስቀምጦ ከሥር እንዲመጥ ማድረግ፣ የላዩ አፈር ሳይደርቅም አለመድገም፣ ትንሽ ፋን በዝግታ እንዲያወዛውዘው ማድረግ ይበቃል። ነፋሱ ግንዱንም ያጠነክረዋል።

ቦታና አፈር

ጓሮ የሌለው ሰው የከተማዋን የጋራ የአትክልት ቦታዎች ቢጠይቅ ይጠቀማል። ፒ-ፓች የሚባለው ይህ ፕሮግራም በ1973 የተጀመረ ሲሆን፣ «ፒ» የሚለው ፊደል የመጀመሪያው ቦታ ባለቤት ከነበረው ከፒካርዶ ቤተሰብ ስም የተወሰደ ነው። ተራ መጠበቁ ረጅም ሊሆን ስለሚችል ዛሬ መመዝገብ ይሻላል። በነዚህ ቦታዎች በፋብሪካ የተሠራ ጸረ ተባይ መርጨት ስለማይፈቀድ፣ ከዚህ በታች የምገልጻቸው መከላከያዎች ሁሉ ያለ መድኃኒት ርጭት የሚሠሩ ናቸው።

ቦታ ሲመረጥ የመጀመሪያው መመዘኛ ፀሐይ ነው፤ በቀን ከስምንት ሰዓት በታች ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ለጎመን ይተውለት። ከሁሉም የሚሻለው ወደ ደቡብ የሚያይ ግድግዳ ሥር ያለ ቦታ ነው። ቀን የሞቀ የጡብ ወይም የሲሚንቶ ግድግዳ ሙቀቱን ሌሊት እየለቀቀ ከሥሩ ያለውን አየር ስለሚያሞቀው፣ ከሜዳው መሐል ካለው ተክል ይልቅ የግድግዳው ሥር ተክል ቀድሞ ሲቀላ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለተኛው መመዘኛ የነፋስ መተላለፊያ ነው፤ ከአጥርና ከቁጥቋጦ ጋር ተፋፍጎ የቆመ ተክል ጤዛው እስከ ረፋድ አይለቀውም።

አፈሩ ከኦክቶበር እስከ ሜይ ባለው ረጅም ዝናብ ኖራው ታጥቦ ስለሚያልቅ ብዙ ጊዜ አሲዳማ ነው። በኦክቶበር፣ በቅጠል መርገፊያው ወቅት፣ ዶሎማይት ኖራ መበተንና ብስባሽ ማልበስ ለሚቀጥለው ዓመት ያዘጋጀዋል፤ ካልሲየም ሲጎድልና ውኃው አንድ ጊዜ በዝቶ አንድ ጊዜ ሲያንስ የዛላው ጫፍ ጠቁሮ እንደ ቆዳ ይደርቃል። የቡና አተላ በዚህ ከተማ እንደ ልብ ይገኛል፤ ይሁን እንጂ በቀጥታ ችግኙ ሥር ከመከመር ከሌላው ብስባሽ ጋር ማብላላት ይገባል። ናይትሮጅን የበዛበት ፍግ ደግሞ በዚህ አየር ላይ ወጥመድ ነው፤ ተክሉ እስከ ደረት ያድጋል፣ ቅጠሉ ያብረቀርቃል፣ ጎረቤት ያደንቃል፣ ዛላ ግን የለውም።

በታኮማ፣ በቫሾን ደሴትና በኪንግ ካውንቲ ደቡባዊ ክፍል የምትኖሩ ደግሞ ከመቆፈራችሁ በፊት አፈሩን አስመርምሩ። በታኮማ አጠገብ ለመቶ ዓመት ገደማ ሲሠራ የኖረና በ1980ዎቹ የተዘጋ የማዕድን ማቅለጫ ከጭስ ማውጫው የበተነው አርሴኒክና እርሳስ ሰፊ አካባቢ ላይ አርፏል። ጉዳቱ በዛላው ውስጥ ከሚገባው ይልቅ በእጅና በጫማ ወደ ቤት በሚገባው አፈር በኩል ስለሚያይል፣ በተለይ ሕፃናት ባሉበት ቤት ከፍ ያለ የእንጨት መደብ ሠርቶ በተገዛ አፈር መሙላት ይሻላል። ከፍ ያለ መደብ ሌላም ጥቅም አለው፤ ውኃው ቶሎ ይንጠፈጠፋል፣ አፈሩም በስፕሪንግ ቀድሞ ይሞቃል። ጥቁር ባለ 20 ሊትር ባልዲ ከሥሩ ተበስቶ ቢሞላም እንደዚያው ነው፤ እንዲያውም ለማረቆ ባልዲውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እገልጻለሁ።

ወደ ደጅ ማውጣት

በግንቦት ልደታ ሰሞን አንድ ሁለት ሙቅ ቀን ይመጣና ሰው ሁሉ ችግኙን ይዞ ይወጣል። መታገሥ ይገባል። የሜይ ሌሊት ገና ወደ 10 ዲግሪ እየወረደ ሳለ የተተከለ በርበሬ አይሞትም፤ ነገር ግን ቅጠሉ ወደ ሐምራዊ ይለወጣል፣ ሥሩ ይተኛል፣ በኋላ ከተተከለውም ወደ ኋላ ይቀራል። መለኪያው የቀኑ ሙቀት ሳይሆን የሌሊቱ ነው፤ የአየር ትንበያው በተከታታይ ለአንድ ሳምንት ከ12 ዲግሪ፣ በፋራናይት ከ54 በላይ ሌሊት ሲያሳይ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው፤ ይህም በአብዛኛው ዓመት ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁን መጀመሪያ ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ከዚያ በፊት ያሉት አሥር ቀናት የማላመጃ ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ጥላ ሥር አንድ ሰዓት፣ በማግሥቱ ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ የጠዋት ፀሐይ እያሉ መጨመር ነው። ይህን ያልጠበቀ ችግኝ ቅጠሉ በፀሐይ ተቃጥሎ ወረቀት ይመስላል፤ ተመልሶ ቢያገግምም ሁለት ሳምንት ያባክናል፤ እኛ ደግሞ የምናባክነው ሁለት ሳምንት የለንም። ከመትከላችሁ ከሁለት ሳምንት በፊት መደቡን በጥቁር ላስቲክ ሸፍናችሁ አፈሩን አሙቁት፤ ሲተከልም ላስቲኩን በመስቀል ቅርጽ ቀዶ በቀዳዳው መትከል ነው። በተክል መካከል የክንድ ያህል ርቀት ተዉ። ባዶ ቦታ የሚባክን ቢመስልም፣ በሴፕቴምበር ያ ባዶ ቦታ ነፋስ የሚያልፍበት መንገድ ይሆናል።

ከተተከለ በኋላ በጁን ወር ሁሉ ስስ ነጭ የአትክልት ጨርቅ በቅስት ሽቦ ላይ ዘርግቶ ሌሊት መሸፈን ሁለት ሦስት ዲግሪ ይጨምራል። አበባ ሲጀምር ቀን ቀን ተገልጦ ንብ እንዲገባ መደረግ አለበት። ችግኙ ላይ ገና በቤት ሳለ የመጡ እንቡጦችን ቆርጦ መጣል ብዙ ሰው ያሳዝነዋል፤ ሆኖም በትንሽ ተክል ላይ የቀረ አንድ ዛላ እድገቱን ሁሉ ይዞበት ይቆያል።

በዚህ ሰሞን የሚመጣው ሌባ ቅርፊት የሌለው ቀንድ አውጣ ነው፤ ቀን በእንጨት ሥር ተደብቆ ውሎ ማታ ይወጣና ጠዋት ግንዱ ብቻ ቆሞ ይገኛል። ፈረንጆቹ ቢራ በዝርግ ዕቃ መሬት ውስጥ ቀብረው ያጠምዱታል፤ እኔ የጠላ አተላ በእርጎ ጣሳ አድርጌ ጠርዙን ከአፈሩ እኩል ቀብሬ ሞከርሁት፣ በማግሥቱ አሥራ አንድ ቆጠርሁ። አተላ የሌለው ሰው በብረት ፎስፌት የተሠራውን እንክብል መበተን ይችላል፤ ለውሻና ለድመት አስጊነቱ ከሌሎቹ ያነሰ ነው። ክሽክሽ ደግሞ በቅጠሉ ጀርባ ይሰፍራል፤ በረታ ባለ የውኃ ጅረት በየሦስት ቀኑ ማጠብ ይበቃል፣ ግን ጠዋት ብቻ።

ጁላይና ኦገስት

በዝናቧ የምትታወቀው ከተማ በእነዚህ ሁለት ወራት ጭራሽ ትደርቃለች፤ ሳሩ ሁሉ ይነጣል። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ጊዜ ጥልቅ ውኃ ማጠጣት ግድ ነው፤ ባልዲ ውስጥ ያለው ደግሞ በሙቅ ቀን ዕለት ዕለት ይፈልጋል። ውኃው በጠዋት፣ ከሥር፣ ቅጠል ሳይነካ ይፍሰስ። የማታ ውኃ ሌሊቱን ሙሉ ቅጠል ላይ ስለሚያድር ለሻጋታ ድግስ መደገስ ነው። ገለባ ወይም የደረቀ ሳር ጉዝጓዝ ማልበስም እርጥበቱን ያቆያል፤ ይህን ግን አፈሩ በደንብ ከሞቀ ከጁላይ በኋላ እንጂ በጁን አታድርጉት፣ ቅዝቃዜውን ይዞ ያስቀረዋልና።

አሁን ወደ ዋናው ውሳኔ ደረስን። ፍልሰታ ኦገስት 7 ገብቶ ኦገስት 22 ይፈታል። በጾሙ ወቅት ስንግ ቃሪያ የሚወድ ቤተሰብ ሁሉ ዓይኑን ወደ መደቡ ያነሣል፤ ይነሣም፣ ይህ ለተክሉም መልካም ነው። ከአበባ እስከ ሙሉ አረንጓዴ ዛላ ከአንድ ወር በላይ፣ ከአረንጓዴ እስከ ቀይ ደግሞ ሌላ ሦስት አራት ሳምንት ስለሚፈጅ፣ ከኦገስት አጋማሽ በኋላ የሚፈነዳ አበባ በምንም መንገድ አይቀላም። ስለዚህ በጾሙ መካከል እያንዳንዱን ማረቆ ቀርባችሁ ተመልከቱ፤ ከታች ያሉትን፣ ቀድመው የቋጠሩትንና የወፈሩትን ከስምንት እስከ አሥር ዛላ ለይታችሁ ተዉ፣ የቀሩትን ትንንሾች ለስንግ ልቀሙ፣ አበባውንና የቅርንጫፎቹን ጫፍ ሁሉ ቁረጡ። ከዚያም በኋላ በየሳምንቱ የሚመጣውን አዲስ እንቡጥ መቀንጠብ ነው። ይህን ማድረግ ለሐበሻ እናት ከባድ ነው። እናቴ ለጉብኝት በመጣችበት ዓመት እኔ ስቆርጥ እሷ ከኋላዬ እየተከተለች «ኧረ አንተ ልጅ፣ አበባ ይቆረጣል እንዴ?» ስትል ሁለት ተክል አስተረፈችኝ፤ ተቆርጦላቸው የነበሩት በሴፕቴምበር ቀሉ፣ የእሷ ሁለቱ ግን በአርባ ዛላ ተጭነው አረንጓዴ እንደሆኑ ኦክቶበር ደረሰባቸው።

እንቁጣጣሽ ላይ ጣሪያ

በእንቁጣጣሽ ቀን፣ ማለትም በሴፕቴምበር 11 ገደማ፣ ዝናቡን ሳትጠብቁ ከተክሎቹ በላይ ጥርት ያለ ላስቲክ መዘርጋት አለበት። የቧንቧ ፕላስቲክ በቅስት አጉብጦ ሁለቱን ጫፍ መሬት ውስጥ በተተከለ የብረት ዘንግ ላይ ማልበስና ላስቲኩን ከላይ ጥሎ በመቆንጠጫ መያዝ በግማሽ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዙሪያውን ጥርቅም አድርጎ በመዝጋቱ ነው። ከአፈሩና ከቅጠሉ የሚወጣው እንፋሎት መውጫ ሲያጣ በላስቲኩ ውስጠኛ ፊት ላይ ጠብታ ይሆንና በማግሥቱ ጠዋት እየተንጠባጠበ ይዘንባል፤ ከውጭው ዝናብ ያስጠለልነው ተክል በራሱ ላብ ይሻግታል። ሁለቱ ጫፎች ቀንም ሌሊትም ክፍት ይሁኑ፣ ጎኖቹም ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብለው ይቁሙ። ጣሪያ እንጂ ቤት አያስፈልገውም።

ግራጫው ሻጋታ እንዴት እንደሚገባ ካወቅን መከላከሉ ቀላል ነው። ይህ ሻጋታ ደኅና ሥጋን በስቶ ለመግባት ይቸግረዋል፤ በር የሚሆኑት የጠወለገ የአበባ ቅሪት፣ የቢጫ ቅጠልና የተሰበረ ቅርንጫፍ ቁስል ናቸው። በአንድ ሴፕቴምበር ጠዋት ዛላውን አገላብጣችሁ ተመልከቱ፤ የደረቀው የአበባ ቅጠል በዛላው አንገት ላይ እንደ ቀለበት ተጣብቆ ረጥቦ ታገኙታላችሁ፣ ከሥሩም ቡናማ ነጥብ ጀምሯል። ከሦስት ቀን በኋላ ያ ነጥብ አመድ የመሰለ ጸጉር ያበቅላል፤ ሲነካም አቧራው ወደ ጎረቤቱ ይበተናል። ስለዚህ በደረቅ ቀን ይህን ቅሪት በጣት መጥረግ፣ ከታች ያሉትን ከመሬት የሚነካኩ ቅጠሎች በመቀስ መቁረጥ፣ የታመመውን ዛላ ቀስ ብሎ በከረጢት ውስጥ አድርጎ ማውጣት ይገባል። የተቆረጠውን ከመደቡ ሥር መጣል የለበትም። ዝናብ በሚዘንብበት ቀን ምንም አትቁረጡ።

መልቀምና ማድረቅ

ዛላው ግማሹ ከቀላ በኋላ ከተክሉ ውጭም መቅላቱን ይቀጥላል፤ ስለዚህ ሌሊቱ ወደ 7 ዲግሪ መውረድ ሲጀምር ግማሽ የቀላውን ሁሉ ለቅሞ ቤት ውስጥ በወረቀት ላይ ሳይነካካ መደርደር ይሻላል። ፈጽሞ አረንጓዴ የሆነው ቃሪያ ነው፤ እንደ ቃሪያ ይበላ።

ማድረቁ ላይ የአገር ቤት ልማድ አይሠራም። ማረቆ አካባቢ ዛላው በፀሐይ ተሰጥቶ በጥቂት ቀናት ይንኮሻኮሻል፤ እዚህ በኦክቶበር መስጣት ማለት ማሻገት ነው። በክር ሰክቶ ወጥ ቤት መስቀልም ለቀጭኑ ካየን እንጂ ለወፍራሙ ማረቆ አይሆንም፤ ላዩ ደርቆ ሳለ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቆይና ዘሩ ዙሪያ ይሻግታል። ስለዚህ እያንዳንዱን ዛላ ለሁለት ሰንጥቆ፣ ውስጡን በብርሃን አይቶ፣ በምግብ ማድረቂያ ማሽን በ55 ዲግሪ ገደማ እስኪሰበር ማድረቅ ነው፤ ይህ እንደ ውፍረቱ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ይወስዳል። ማሽኑ በረንዳ ላይ ወይም ጋራዥ ውስጥ ይሁን፤ ሳሎን ውስጥ የከፈተ ሰው ቤተሰቡን ሁሉ ሲያስነጥስ ያድራል። ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ የሚሰበር ዛላ ደርቋል፤ እንደ ቆዳ የሚታጠፍ አልደረቀም።

በውስጡ ጥቁር ወይም ግራጫ ብናኝ የታየበትን ዛላ ሙሉውን መጣል ግድ ነው፤ ቆርጦ የደኅናውን ክፍል ማትረፍ አይገባም። በርበሬ ላይ ከሚበቅሉት ሻጋታዎች አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይሠራሉ፤ ይህን መርዝ ማመስም ሆነ መቀቀል አያጠፋውም። አንድ የሻገተ ዛላ ከሌላው ጋር ከተፈጨ ማሰሮውን ሁሉ ያበላሻል።

ትኩሱ ማረቆ ሲደርቅ ከክብደቱ አብዛኛው ውኃ ሆኖ ስለሚሄድ፣ አንድ ኪሎ ደረቅ ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ ቀይ ዛላ ያስፈልጋል። ስለዚህ የዓመት በርበሬ ከጓሮ ይወጣል ብሎ ማሰብ አይገባም፤ የተገዛውን ዛላ ቀንጥሶ ሲያሰናዱ የራስን መጨመር፣ ወይም የራስን ለብቻው ደልዞ ለበዓል ወጥ ማኖር ይሻላል።

ባልዲውን የመረጥሁበት ምክንያት

በርበሬ በተፈጥሮው የአንድ ዓመት ተክል አይደለም፤ ውርጭ ካልነካው ለዓመታት ይኖራል። በኦክቶበር የመጨረሻው ዛላ ከተለቀመ በኋላ ከሁሉ ቀድሞ የቀላውን ባልዲ ምረጡ። ቅርንጫፎቹን ሁሉ ግንዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ከመንታው በላይ ጥቂት ጣት ብቻ አስቀርታችሁ ቁረጡ፣ ቅጠሉን አራግፉ፣ የላዩን አፈር ሁለት ጣት ጠርጋችሁ በአዲስ ተኩ። ክሽክሽ ይዞ ቤት ከገባ እስከ ማርች ድረስ ስለሚራባ፣ ግንዱን በሳሙና ውኃ ማጠብ አይዘለል። ከዚያም 12 ዲግሪ ገደማ በሚሆን ጋራዥ ወይም ምድር ቤት መስኮት አጠገብ አኑሩት፤ በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይበቃዋል። የሞተ ይመስላል፤ አትጣሉት። ጥፍራችሁን ግንዱ ላይ ብታሳርፉ ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ከታየ ሕይወት አለው።

በማርች መጀመሪያ ወደ ሙቀትና ብርሃን ሲመለስ ከመንታው ላይ ቡቃያ ይፈነዳል፤ ሥሩ የተዘጋጀ ስለሆነ በጁን ደጅ ሲወጣ አበባ ይዞ ነው የሚወጣው። የእኔ የሦስት ዓመት ማረቆ ባለፈው ዓመት የመጀመሪያውን ቀይ ዛላ የሰጠው ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን ነው፤ በዚያው ፌብሩዋሪ የተዘሩት ደግሞ እስከ መስቀል አስጠብቀውኛል።